የሰው ደጅና የትምህርት ቤት አጥር

(ለጎልማሶች ትምህርት በሬዲዮ ከተላለፉ ንግግሮች)

ፊደል ከቆጠራችሁ ገና ጥቂት ወራት ነውና ይህን ጽሑፍ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር አስምሩበትና አስተማሪያችሁን ጠይቁ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ደጅ ነው። ስለ በር፣ ስለ አጥር፣ ስለ ግቢ ነው። ሳይፈቀድለት የሰው ቤት የገባ ሰው ወንጀለኛ ነው የሚለው ሕግ በአገራችን እንዴት መጣ? የትምህርት ቤትንስ ግቢ ማን ይጠብቀዋል? ይህን እንድናገር ያነሳሳኝ አንድ አሮጌ የጣውላ በር ነው። የበሩን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ከሕጉ በፊት የነበረውን ልማድ እንይ።

እስቲ አስቡት። ጎረቤት ቤት ስትሄዱ ምን ታደርጋላችሁ? ዘው ብላችሁ አትገቡም። ደጃፍ ላይ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። «እኔ ነኝ» ትላላችሁ። ውሻው ይያዛል። ውስጥ ያለው ሰው ነጠላውን ያስተካክላል፣ የተበተነውን ይሰበስባል። ከዚያ «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» ይባላል። ይኼ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ሕጉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ቤት ባለቤት አለው። መግባት በፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ውጭ የቆመው አይደለም፤ ውስጥ ያለው ነው።

ሃይማኖታችንም ይህንኑ ያስተምራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ስለ አበዳሪ የተጻፈ አለ። አበዳሪው መያዣ ሊወስድ ወደ ተበዳሪው ቤት አይግባ ይላል። ውጭ ይቆማል፤ ተበዳሪው ራሱ መያዣውን ያወጣለታል። አያችሁ? ገንዘብ ያለበት ድሃ እንኳ ደጁ አይደፈርም። በቅዱስ ቁርኣንም ሱረቱ አን-ኑር በሚባለው ክፍል፣ የሰው ቤት ከመግባታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ሰላምታም ስጡ፣ ተመለሱ ከተባላችሁም ተመለሱ የሚል ትእዛዝ አለ። እሱም ምዕራፍ 24 ነው። ቁጥሩ የተገጣጠመው እንዲያው ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ኦሪት ሌላም ነገር ይለያል። ሌባ በሌሊት ቤት ሰርስሮ ሲገባ ተመትቶ ቢሞት፣ መቺው የደም ዕዳ የለበትም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት። በሌሊት ማን እንደመጣ፣ ምን እንደያዘ አይታወቅም። በቀን ግን ይታያል፤ ጮኾ ሰው መጥራትም ይቻላል። ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት ዛሬም በሕጋችን ውስጥ አለ፤ ኋላ ታዩታላችሁ። ለብዙ ዘመን የአገራችን ዳኞች ይጠቅሱት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ኦሪት ከምንጮቹ አንዱ ነው።

ልማዱና ሃይማኖቱ እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ ጉልበተኛው «ቤቶች!» ብሎ አልተጣራም። በድሮው ጊዜ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ሠራዊት ሲዘምት ወይም አንድ አገር ሲሰፍር ባላገሩ ቤት ይመራል። እንዲህ ያለው ወታደር ተሠሪ ይባላል። ተሠሪ ከገባ የባላገሩ መኝታ የሱ ነው። ጎተራው የሱ ነው። ሴትዮዋ ትፈጭለታለች፣ ትጋግርለታለች፣ እግሩን ታጥበዋለች። ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ማዕዘን ላይ ይተኛል። እምቢ ቢል ለማን አቤት ይላል? ዳኛውም አለቃውም የወታደሩ ጌታ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. ገደማ አሥራት የሚባል ግብር አወጡ። ባላገሩ ካመረተው ከአሥር ቁና አንዱን ቁና ለመንግሥት ጎተራ ያስገባል። ወታደሩ ከዚያ ይቀለባል እንጂ ባላገሩ ቤት አይገባም ተባለ። ልብ በሉ፤ ባላገሩ በሩን የራሱ ለማድረግ እህል ከፈለ። ይኼ ሆኖም ተሠሪ በየቦታው ወዲያው አልቀረም።

ሌላም ነበር። ሌባሻይ ይባላል። ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ይሰክርና፣ ሌላ ሰው በገመድ ይዞት እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባው ነው ይባላል። ያ ሰው ይክፈል፣ ይታሰር ይባላል። ማስረጃው የሰከረ ልጅ በሩን ማለፉ ብቻ ነው! ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። ያን ቀን በሩ ክፍት የነበረ ምስኪን ግን አልሳቀም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አገኘች። በዚያ ውስጥ፣ ሕግ ካዘዘው በቀር የሰው ቤት አይበረበርም የሚል አንቀጽ ገባ። በዚያው ዓመት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ወጥቶ ነበር። ጥሩ ቃል ነው። ግን ያን አንቀጽ ማን አነበበው? በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው በጣም ጥቂት ሰው ነው። ሕጉ ደጁን የጠበቀለት ባላገር ሕጉ መኖሩን ሳያውቅ ነው የኖረው። እናንተ ዛሬ የያዛችሁት እርሳስ የት ድረስ እንደሚያደርስ ከዚህ ገምቱ።

ቀጥሎ የወጡት ሕጎች ዘርዘር ያሉ ናቸው። በ1949 ዓ.ም. አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊስ ሰው ናቸው። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ የዚህን ረቂቅ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ናቸው። የወንጀሉ ሕግ በ1996 ዓ.ም. ተሻሽሎ እንደገና ታወጀ፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮም ይሠራበታል። ወንጀል ስንል መንግሥት ከሶ የሚያስቀጣበት ነው። ፍትሐ ብሔር ስንል ደግሞ ተበዳዩ ራሱ ከሶ ካሣ የሚጠይቅበት ነው። የሰውን ደጅ መድፈር በሁለቱም መንገድ ያስጠይቃል።

ሕጉ ምን ይላል? የመጀመሪያው ነገር ፈቃድ ነው። ሕጋዊ ሥልጣን ሳይኖረው፣ ቦታውን በሕግ የያዘው ሰው ሳይፈቅድለት የሰው ቤት ወይም በአጥር የተከለለ ግቢ የገባ ሰው ጥፋተኛ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቃል አለ፤ «በሕግ የያዘው» የሚለው። ቤቱን የሠራው ማለት አይደለም። ተከራይም በሕግ ይዟል። አከራይ «ቤቱ የኔ ነው» ብሎ፣ ተከራዩ በሌለበት በር ከፍቶ ዕቃ ማውጣት አይችልም። ኪራይ ካልተከፈለው ይክሰስ። ይህን ብዙ አከራይ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ተከራይም አያውቅም።

ሁለተኛው፣ በፈቃድ ገብቶ አልወጣም ማለት ነው። ጠርታችሁት የገባ ሰው ጠብ አነሳ እንበል። «ውጣልኝ» አላችሁት። እምቢ ካለ፣ ከዚያ ጀምሮ እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ማክበጃው ነው። በሌሊት የገባ፣ መሣሪያ የያዘ፣ ያስፈራራ፣ ሰው ሰብስቦ የመጣ ቅጣቱ ይከብድበታል። የቀንና የሌሊቱን ነገር አስታወሳችሁ? የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል የሰው ቤት ከገባ ይጠየቃል። ፖሊስ ቤት ለመበርበር በመሠረቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ወንጀለኛ ሲያባርር እንደሚሆነው ያለ፣ ሕጉ ራሱ ለይቶ የፈቀደው አጋጣሚ ግን አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል።

የከብትም ነገር አለ። የሰው ማሳ ላይ ሆን ብሎ ከብት መልቀቅ በወንጀል ያስጠይቃል። ባለማሳው ከብቶቹን ይዞ እስኪካስ ማቆየት እንደሚችል የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ይፈቅዳል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ከሕጉ በፊትም ያውቁታል። ከብቱን አስረው ጌታው እስኪመጣ ውኃ ያጠጡታል።

እንግዲህ ደጄ ተደፈረ ብላችሁ የፈለጋችሁትን ማድረግ ትችላላችሁ ማለት ደግሞ አይደለም። ሕጉ ራስንና ንብረትን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን በልኩ። ዘይቱን ሊለቅም አጥር የዘለለ ልጅን በዱላ እጁን የሰበረ ሰው፣ ከልጁ ይልቅ እሱ ነው የሚከሰሰው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ከዚያ በፊት ጭሰኛ የሚኖረው በባለመሬቱ መሬት ላይ ነበር። ባለመሬቱ ሲከፋው «ንቀል» ይለዋል፤ ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል። ደጅ አለው እንዳይባል፣ ደጁ የቆመው በሰው መሬት ላይ ነው። አዋጁ ይህን አስቀረ። የገበሬ ማኅበርና የፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ፤ ትንሽ ትንሹ ጉዳይ በመንደር መዳኘት ጀመረ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ታሪክን በአንድ ዐይን አናየውም። ብዙም ሳይቆይ በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አሰሳ መጣ። የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት ገብተው በረበሩ። በቀይ ሽብር ዘመን ስንት ወጣት ከእናቱ ጓዳ በሌሊት ተወሰደ! የ1949ኙ ሕግ አልተሻረም ነበር። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ነበረ። የሰው ቤት አይደፈር የሚለው አንቀጽም በውስጡ ነበረ። በሩ ግን ተሰበረ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ቤቱ፣ ዕቃውና አካሉ ካለ ሕግ አይበረበርም ብሎ ጻፈ። ይህን አንቀጽ ያለፈውን ያየ ሰው ሲያነበው፣ እንደ ሌላው አንቀጽ በቶሎ አያልፈውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰው ደጅ ነው። አሁን ወደ ትምህርት ቤት እንሂድ።

ትምህርት ቤትም በሕግ ደጅ አለው። ፈቃድ የሚሰጠው ርእሰ መምህሩ ነው። እሱ «አትግባ» ያለው ሰው ቢገባ፣ ወይም «ውጣ» ተብሎ አልወጣም ቢል፣ የሰው ቤት እንደ ደፈረ ሁሉ ሊከሰስ ይችላል። መስኮት የሰበረ፣ ቆርቆሮ የገነጠለ ደግሞ ንብረት በማጥፋት ወይም በስርቆት ይጠየቃል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የሰው ቤት ውስጥ «ማነው?» የሚል አለ። ትምህርት ቤት ግን ማታ ዝም ይላል። ልጆቹ ይሄዳሉ፣ አስተማሪው ይሄዳል፣ አንድ ዘበኛ ቢኖር ነው። በብዙ ገጠር እሱም የለም። ታዲያ ሰዉ በግቢው መሐል መንገድ ያወጣል። ከብት ሣሩን ይግጣል። «ተው» ሲባል «የመንግሥት አይደል ወይ?» ይላል።

የመንግሥት ነው ወይ? በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአልጋ ወራሹ ገንዘብ የተሠራ ነው። የገጠሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከ1950ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ የስዊድን መንግሥት በእርዳታ ገንዘብ ሲሰጥ፣ የአካባቢው ሕዝብም ገንዘብ አዋጥቶ፣ ድንጋይ አቅርቦ፣ ጉልበቱን ሰጥቶ ብዙ ሺህ የመማሪያ ክፍሎች ተሠርተዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም፣ ዳሱን የጣለው፣ መቀመጫውን የደለደለው ሕዝቡ ነው። አባቶቻችን በጀርባቸው የተሸከሙት ድንጋይ ዛሬም መሠረቱ ውስጥ አለ።

እንዲያም ሆኖ 1983 ዓ.ም. መጣ። ግንቦት ላይ ደርግ ወደቀ። ሠራዊቱ ተበተነ። የድሮው ሹም ሸሸ፤ አዲሱ ሹም ገና አልደረሰም። በእነዚያ ቀናት በብዙ ገጠር የአገልግሎት ማኅበሩ ሱቅ፣ ክሊኒኩ፣ ደኑና ትምህርት ቤቱ ተዘረፈ። ቆርቆሮው ተገነጠለ። በርና መስኮቱ ተነቀለ። ዴስኩ ማገዶ ሆነ። ያደረገው ማነው? ከሩቅ የመጣ ጠላት አይደለም። የአካባቢው ሰው ነው። ድንጋዩን የተሸከመው ራሱ።

ለምን? ሽማግሌዎችን ጠይቄ አውቃለሁ። አንዱ «እህላችንን በኮታ ወሰዱ» ይላል። አንዱ «ከቤታችን ነቅለው በመንደር ምሥረታ አሰፈሩን» ይላል። ሌላው «ልጄን ለጦርነት ወሰዱት፣ አልተመለሰም» ይላል። መዋጮውም በግድ ነበር። እንግዲህ በግድ የተሠራው ሁሉ የደርግ ነው ተባለ፤ ደርግ ሲወድቅም ንብረቱ ጌታ የሌለው ሆነ። ብሶቱ ይገባኛል። ልጁን የተነጠቀ አባት ላይ አልፈርድም። ግን በሩ የደርግ አልነበረም። በመስከረም ወር ልጆቹ በሌለው በር ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ፈርሰዋል። ወታደር ሰፍሮባቸዋል፤ ተፈናቃይ ተጠልሎባቸዋል። ተፈናቃዩ ቤት ስለሌለው ነው፤ እሱን ማንም አይወቅሰውም። ወታደሩ ግን የዛሬ ተሠሪ ነው። ልዩነቱ፣ ያኛው የገባው ባላገሩ ጎጆ ነበር፤ ይኼኛው የባላገሩ ልጆች ክፍል ነው።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። ማታ ማታ ከማስተምራቸው ጎልማሶች መካከል አንዲት እናት አሉ። ስድሳ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ፊደሉን ጨርሰው ቁጥር ጀምረዋል። አንድ ማታ ክፍል ገብተው ዝም አሉ። «ምነው እማማ፣ አመመዎት?» አልኳቸው። «አላመመኝም። ትናንት ማታ ጓዳዬ በር ላይ ያለውን አነበብኩት» አሉ።

በሩ የጢስ ጥላሸት የጠጣ የጣውላ በር ነው። ባለቤታቸው በ1984 ዓ.ም. ከገበያ ገዝተው ያመጡት ነው። ባልየው ሞተዋል። በበሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ነገር ነበረ፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት በላይ ጌጥ እየመሰላቸው ሲከፍቱትና ሲዘጉት ኖረዋል። ፊደል ሲቆጥሩ ጌጥ አልሆነም። «3ኛ ሀ» ይላል።

«መምህር፣ እኔ ሌባ ነኝ?» አሉኝ። አይደሉም አልኳቸው። የተሰረቀ መሆኑን ሳያውቅ በገንዘቡ የገዛ ሰው በወንጀል አይጠየቅም፤ ዘመኑም አልፏል፤ ሕጉ እርስዎን ምንም አይልዎትም አልኩ። እሳቸው ግን «እኔ ሕጉን አልጠየቅሁም» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሰው «የኛም ቤት ጣራ ላይ ሁለት ቆርቆሮ አለ፤ ከየት እንደመጣ አባቴ ነግሮኝ ነበር» አሉ። ሌላው ሳቀ። ሌላዋ ደግሞ ተቆጡ፤ «ያለፈውን ምን ያረጋል ማንሳት!» አሉ። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ልጆቻቸው በሩን ተሸክመው አመጡት። እማማ ከኋላ እየተከተሉ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመው «ቤቶች!» አሉ። ግቢው ውስጥ እኔና ዘበኛው ብቻ ነበርን። «ይግቡ» አልናቸው።

በሩ አልገጠመም። ክፍሉ እንደገና ሲሠራ መቃኑ ጠቦ ነበርና፣ አናጺው በአንድ በኩል አራት ጣት ያህል ቆረጠለት። «ሀ» ከቁራጩ ጋር ሄደች። አሁን በሩ ላይ የቀረው «3ኛ» ብቻ ነው። ክፍሉ ደግሞ ዛሬ የአንደኛ ክፍል ነው። ልጆቹ ቁጥር በለዩ ሰሞን እያዩት «ተሳስቷል! ተሳስቷል!» ይላሉ።

ውድ አድማጮች፣ ጊዜያችን አለቀ። ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኛለን። ደኅና ሰንብቱ።